ራሷ የማትቀመጥ አሰልጣኝ ሜዲቴሽን ብትመራ ችግር አለው?

ጥሞና_ቤት (ክሩን የከፈተች) · ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የከነከነኝ ነገር አለ፣ ሐሳባችሁን ልስማ።

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የዮጋና የሜዲቴሽን ቤት አለችኝ። ከሚመጡት የሚበዙት የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ከሥራ ወጥተው፣ የታክሲ ሰልፍ ቆመው፣ ስልካቸው ቦርሳ ውስጥ እየጮኸ ነው የሚገቡት። ዮጋውን የምታግዘኝ አንዲት ልጅ አለች። ጎበዝ ናት። ሰዓት ታከብራለች፣ የማን ወገብ እንደተጣመመ ከሩቅ ታያለች። ሰሞኑን የማታውን ሜዲቴሽንም ልስጣት ብዬ አስቤ ነበር። ድምጿ ማር ነው። ጽሑፉን ስታነብ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሁለት ሦስት ሰው ያንኮራፋል፤ እሱ እንኳን የራሱ ክር ይፈልጋል።

ባለፈው ከክፍል በኋላ አንድ ተማሪ "አንቺስ ቤትሽ ስትገቢ ትቀመጫለሽ?" ብሎ ጠየቃት፤ ሜዲቴሽን ትሠሪያለሽ ወይ ማለቱ ነው። ልጅቷ መዋሸት አታውቅም። "አይ፣ ለእኔ አይሆንልኝም፤ ሰው ማስቀመጥ ነው የምችለው" አለችው። ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን ገንዘቡን ከፍሎ ሲወጣ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አየሁ።

ጥያቄዬ ይኼው ነው። ራሷ የማትለማመድ ሰው ሜዲቴሽን መምራት ትችላለች? ወይስ ነገር እያካበድኩ ነው? በተለይ ሙያው ውስጥ ያላችሁ ንገሩኝ።

መንገደኛ · ሰኞ፣ ማታ 2፡58

እያካበድሽ ነው እህቴ። የኳስ አሰልጣኝ መስመር ላይ ቆሞ ይጮኻል እንጂ ገብቶ አይሮጥም። ሞሪንሆ ይህ ነው የሚባል ተጫዋች አልነበረም፣ ዋንጫውን ግን ሰበሰበ። የልጅቷ ድምፅ ሰው ካረጋጋ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ደግሞ ዘንድሮ ስልክ ላይ ያለ አፕም ያረጋጋል። አፑ ማታ ቤቱ ገብቶ ይቀመጣል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ሐረር_በር · ሰኞ፣ ማታ 3፡05

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይኼ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

ሜሪላንድ_ነርስ · ሰኞ፣ ማታ 3፡47

@መንገደኛ የኳሱ ነገር ያስቃል፤ ግን ሞሪንሆም ከልጅነቱ ጀምሮ ሜዳ ላይ ነው ያደገው።

እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ለሠራተኞቹ የስምንት ሳምንት የሜዲቴሽን ኮርስ ሰጥቶን ነበር። ኮርሱን የጀመረው ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር በምትባል ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት። መጀመሪያ የተላኩለት ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው፣ መድኃኒቱም ቀዶ ጥገናውም አልፈይድ ያላቸው በሽተኞች ነበሩ። በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይገናኛሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ በቀን 45 ደቂቃ ያህል ይለማመዳሉ። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ሙሉ ቀን በዝምታ ይውላሉ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እዚያ ቤት ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ሕግ አለ። አስተማሪው ራሱ የሚለማመድ መሆን አለበት። ጽሑፉን በቃሉ መያዙ አይቆጠርለትም። የአስተማሪነት ወረቀት ከማግኘቱ በፊት ለቀናት በዝምታ የሚገባባቸው ሱባኤዎች ሁሉ አሉበት። እና ይህ ለመልክ የተቀመጠ አይደለም። ምክንያቱ የሚታየው ዓይን ተጨፍኖ ሳለ ሳይሆን ዓይን ሲገለጥ ነው።

ጥሞና_ቤት · ሰኞ፣ ማታ 3፡55

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አብራሪልኝ እስቲ።

ሜሪላንድ_ነርስ · ሰኞ፣ ማታ 4፡20

እሺ። መምራቱን ማንም ያነበዋል። "ትንፋሽህን ተከታተል፣ ሐሳብህ ሲሄድ በቀስታ መልሰው።" ከዚያ በኋላ ግን ሰዎቹ ያዩትን ይናገራሉ። ከባዱ እሱ ነው።

አንዲት ሴት "ዛሬ በጭራሽ አልሆነልኝም፤ ሙሉውን ጊዜ የቤት ኪራዩን ሳስብ ነው ያለፈው" አለች። ከወረቀት የሚያነብ ሰው "አይዞሽ፣ በርቺ፣ ነገ ይሻላል" ይላል። ደግ ነው፣ ግን ምንም አልሰጣትም። የእኛ አስተማሪ ምን አለች መሰላችሁ? "ኪራዩን እያሰብሽ መሆንሽን ያወቅሽባት ቅጽበት ነበረች?" ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና "አዎ፣ መንጋጋዬን ነክሼ ነበር" አለች። "እሷን ቅጽበት ካየሻት ሠርተሻል ማለት ነው፤ መንጋጋሽስ ከዚያ ምን ሆነ?" እያሉ ቀጠሉ። ሴትዮዋ አልሆነልኝም ያለችው ነገር ራሱ ልምምዱ እንደሆነ በራሷ አፍ ተናግራ ወጣች።

ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ይቻላል። ግን መቼ እንደሚጠየቅ፣ መቼ ዝም እንደሚባል የሚያውቀው ራሱ ኪራይ እያሰበ የተቀመጠ ሰው ነው። ረዳትሽ "ለእኔ አይሆንልኝም" ካለች፣ እንደዚያች ሴት ያለች ተማሪ "አልሆነልኝም" ስትላት ምን ትመልስላታለች?

መንገደኛ · ሰኞ፣ ማታ 4፡26

"እኔም" ትላታለች። ሃሃ።

ሥነ_ልቦና_ክፍል · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ሜሪላንድ_ነርስ ባለችው ላይ ልጨምር። ይህ ክርክር በምሁራኑ መካከልም ተነሥቷል፤ ታሪኩ ደስ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊልያምስና ጆን ቲስዴል፣ ከድብርት የዳኑ ሰዎች ተመልሰው እንዳይወድቁ የሚረዳ ሕክምና ይፈልጉ ነበር። ወደ ዉስተር ሄደው ሥራውን አዩ። ሐሳባቸው እንደ መንገደኛ ነበር። ዘዴውን ብቻ ወስደን፣ እኛ ራሳችን ሳንቀመጥ፣ ለበሽተኞች እናስተምራለን። የዉስተሮቹ "ራሳችሁ ትለማመዳላችሁ?" ሲሏቸው ብዙም አልጣማቸውም። ከዚያ ሞከሩት። ቀላል ቀላሉ ነገር ሄደ። ሰዎቹ ከባድ ስሜት ይዘው ሲመጡ ግን እነሱ ወደ ለመዱት ችግር ፈቺነት እየተመለሱ ተቸገሩ። ተመልሰው ሄደው የዉስተር አስተማሪዎች ከባዱን ነገር እንዴት እንደሚይዙት በደንብ አዩ፣ እነሱም መቀመጥ ጀመሩ። ይህን የጻፉት ራሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ በድብርት ከወደቁት ሰዎች መካከል የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት 66 በመቶ ሲያገረሽባቸው፣ እነሱ ከዉስተሩ ተነሥተው ያዘጋጁትን ኮርስ ጨምረው የወሰዱት 37 በመቶ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ለወደቁት ግን ጥቅም አልታየም።

ግን ነገሩን አላጣምም። የአስተማሪው ችሎታ የተማሪውን ውጤት ይለውጣል ወይ ብሎ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. 2017 ላይ ወጣ፤ ግልጽ ግንኙነት አላገኘም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. 2007 ላይ የወጣ የጀርመን ጥናት አለ። በሥልጠና ላይ ያሉ 18 የሥነ ልቦና ሐኪሞችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ጠዋት ጠዋት በዜን (በጃፓን ቡድሂስቶች) መንገድ ይቀመጣሉ፣ ግማሾቹ አይቀመጡም። 124 በሽተኞች የማን ሐኪም እንደሚቀመጥ ሳያውቁ ታከሙ። የተቀማጮቹ በሽተኞች የበለጠ ተሻላቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው። ብቻውን ብዙ አይሸከምም።

መንገደኛ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡52

የኔዘርላንድሱ ለእኔ ይቆጠርልኝ። 1 ለ 1።

ሥነ_ልቦና_ክፍል · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

አይቆጠርም ወንድሜ። እዚያ የተወዳደሩት የሠለጠኑ አስተማሪዎች እርስ በርሳቸው ናቸው። የሚቀመጥን ጨርሶ ከማይቀመጥ ጋር አላወዳደረም።

ብርሃን_ይሁን · ማክሰኞ፣ ቀን 6፡15

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ ክርክር ለምን? ሜዲቴሽን እኮ ሁሉን ነገር ያድናል። ስኳሩን፣ ደም ግፊቱን፣ ካንሰሩን ሳይቀር። እኔ ለደንበኞቼ የምነግረው "ክኒኑን ጣሉትና ተቀመጡ" ነው። ማን መራው ማን ችግር የለውም፣ ኃይሉ ራሱ ይሠራል።

የሌሊት_ተረኛ · ማክሰኞ፣ ቀን 6፡31

አቦ እንዲህ አይባልም! የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ክኒኑን ጥሎ የመጣውን ሰው በሌሊት የምቀበለው እኔ ነኝ። ቤተሰቡ በጋቢ ጠቅልሎ ነው የሚያመጣው። አወያዩ ይህን አስተያየት ቢያነሳው ደስ ይለኛል።

አወያይ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡00

አስተያየቱን ያላነሳሁት መልሱ አብሮ እንዲነበብ ነው። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት አቁሙ ብሎ መምከር ግን በዚህ መድረክ ክልክል ነው። ከተደገመ ይዘጋል።

ሥነ_ልቦና_ክፍል · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡22

ባጭሩ ለብርሃን_ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ትልቅ ግምገማ ወጥቶ ነበር። 47 ጥናቶች፣ 3,515 ሰዎች። ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም መጠነኛ ጥቅም አገኘ። ከመድኃኒት ወይም ከስፖርት ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። 2022 ላይ ደግሞ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች ወስደው ግማሹን ለስምንት ሳምንቱ ኮርስ፣ ግማሹን ኤስሲታሎፕራም ለሚባለው መድኃኒት መደቧቸው። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ። ትልቅ ነገር ነው። ግን "ተቀራራቢ" ሌላ፣ "ክኒኑን ጣል" ሌላ።

ምሳሌ መሆን ካልን ደግሞ ከመቀመጡ እኩል አፍን መጠበቅም ምሳሌነት ነው።

የሌሊት_ተረኛ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

አሁን ተረጋጋሁ፣ ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ።

ለእኔ ጉዳዩ የደኅንነት ነው። አንዳንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ሲያዳምጥ አይረጋጋም። ደረቱ ይጨንቀዋል፣ ያለፈበት ነገር ፊቱ ላይ ይመጣል፣ ይንቀጠቀጣል። በአገራችን ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው ምን እንዳየ ታውቃላችሁ። ክፍልሽ ውስጥ ሃያ ሰው ካለ ቢያንስ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የመጣ ነው ብለሽ ተነሺ። አሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች፣ ዊሎቢ ብሪተንና ባልደረቦቿ፣ እ.ኤ.አ. 2017 ላይ ባወጡት ጥናት ከሜዲቴሽን ጋር የሚመጡ ፈታኝ ልምዶችን 59 ዓይነት አድርገው መዝግበዋል። ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰውነት የመለየት ስሜት፣ ብዙ ነው።

እንዲህ ሲሆን ጽሑፉን እያነበበች የምትቀጥል ሰው አታስፈልግም። ቀና ብላ የምታይ ናት የምታስፈልገው። ዓይኑን እንዲገልጥ ትነግረዋለች። እግሩን ወለሉ ላይ እንዲረግጥ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያየውን እንዲቆጥር፣ ከፈለገም ተነሥቶ እንዲወጣ። "በርታ፣ ይለፍህ" አይባልም። ከመጀመሪያውም "ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም" ብሎ መክፈት ጥሩ ነው።

ራሱ የተቀመጠ ሰው ይህን ቶሎ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ፤ የውስጥ ማዕበል እንዴት እንደሚነሣ ያውቀዋልና። ግን መቀመጡ ብቻ አይበቃም። ዕድሜ ልኩን የተቀመጠ፣ ሰው ሲንቀጠቀጥ ግን የሚደነግጥ አለ። ሥልጠናውም ያስፈልጋል።

ገዳም_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ይቅርታ ግን እናንተ ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። ይህ ነገር የማን ነው? የእኛ ሃይማኖት ጸሎት አለው፣ ስግደት አለው። አስተማሪዋ ተቀመጠች አልተቀመጠች፣ መጀመሪያ ነገሩ ለእኛ ይገባል ወይ?

ጋሼ_ዘነበ_ወርቅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ አትቆጣ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጤና መኮንን ነኝ። ባለቤቴ ማታ ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ እግዚኦታውን 41 ጊዜ ታደርሳለች። ጎረቤታችን ሐጂ ከሶላት በኋላ ተስቢሃቸውን 33፣ 33 እያሉ ይቆጥራሉ። እኔ ደግሞ ደም ግፊቴ ሲያስቸግረኝ ሐኪሜ ያሳየኝን ቀስ ብሎ መተንፈስ እሠራለሁ፤ በደቂቃ ስድስት ያህል፣ ሲወጣ ረዘም ብሎ። አንዱ ለአምላክ የሚቀርብ ነው፣ አንዱ ለሰውነት ነው። ጸሎትን የጤና ስፖርት አላደርገውም፤ የጤናውንም ጸሎት ነው አልልም። ሳይደባለቁ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

ለባለ ቤቷ ልጄ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በወንጌሉ "ባለ መድኃኒት ሆይ፣ ራስህን ፈውስ" የሚል አለ። በሥራ ዘመኔ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ ስለ ሳንባ የሚመክር ባለሙያ ብዙ አይቻለሁ። ሕዝቡ በጨዋነት አንገቱን ይነቀንቅና ውጭ ሲወጣ ይስቅበታል። ደፍሮ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ተማሪ ማግኘትሽ ዕድል ነው።

ጥሞና_ቤት · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት ነው የማደርገው። ክፍሌ ውስጥ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም አለ። የማንንም አምላክ ስም አንጠራም፣ የሚዜም ቃልም የለም። ትንፋሽና ሰውነት ብቻ። ለአዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይህን እነግረዋለሁ፤ ከተመቸው ይቀመጣል፣ ካልተመቸው ዮጋውን ሠርቶ ይሄዳል።

ዌልነስ_ሰለቸኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡44

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው የምፈራው። "ምሳሌ ሁኑ" ስትሏቸው ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? ይቀርጹታል! ንጋት 11 ሰዓት፣ እንጦጦ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እግር አጣጥፎ፣ ከኋላ ፀሐይ። አንዱ ድሮን ሁሉ አስነሥቷል። ጥሞና በድሮን! ዛፉ ላይ ያለው ወፍ እንኳን ሸሽቷል። ከስር "ቦታ አለን፣ በውስጥ መስመር ያናግሩን"። ከዚያ እዚያው ሰው በአስተያየት ትንሽ ሲነካው ስድብ ይጀምራል። ከእነዚህ ይልቅ "ለእኔ አይሆንልኝም" ያለችው ልጅ ሺህ ጊዜ ትሻለኛለች። እሷ ቢያንስ አልዋሸችም።

ሐረር_በር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡49

የድሮኑን አይቼዋለሁ፣ ሃሃሃ።

ሥነ_ልቦና_ክፍል · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

@ዌልነስ_ሰለቸኝ ስለ ማሳየት ካነሣሽ አይቀር፣ ምን ያህል ማሳየት እንደሚበቃ የሚጠቁም የምወደው ጥናት አለ። አትላንታ፣ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤሪካ ፍራንክ የምትባል ሐኪምና ባልደረቦቿ፣ እ.ኤ.አ. 2000። ሐኪም ቤት ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች ስለ አመጋገብና ስፖርት የምትመክር ሐኪም ቪዲዮ አሳዩ። ቪዲዮው ሁለት ዓይነት ነው። በአንዱ ሐኪሟ ምክሯን ብቻ ትሰጣለች። በሌላው ግማሽ ደቂቃ ያህል ጨምራ እሷ ራሷ ምን እንደምታደርግ ትናገራለች። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ፖምና የብስክሌት ሄልሜት ይታያል። ሁለተኛውን ያዩት ሰዎች ሐኪሟን የበለጠ አመኗት፣ የበለጠም አነሣሣችን አሉ።

እና ምን ያህል ነው? ግማሽ ደቂቃና አንድ ፖም። ድሮን የለበትም።

ጅዳ_ያለሁት · ረቡዕ፣ ሌሊት 6፡20

እኔ ወረቀት የለኝም፣ ባለሙያም አይደለሁም። ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ ያለን ሴቶች የቴሌግራም ቡድን አለን፤ ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ድምፄን ቀድቼ አጭር የትንፋሽ ልምምድ እልክላቸዋለሁ። ተኝተው የሚሰሙት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ለዋሉ ሰዎች ተቀመጡ አይባልም።

የምልክላቸው እኔ ያደረግሁትን ብቻ ነው። ለምን ብትሉኝ እነሱ ኑሮዬን ያውቁታል። ማዳም ስትጮህ ምን እንደሚሰማ ያውቃሉ። "ስትናደዱ ፈገግ በሉ" ብዬ ብልክ ይስቁብኛል። "ልብስ ስትተኩሱ አንዱን እጅጌ እስክትጨርሱ ትንፋሻችሁን አስረዝሙ" ስላቸው ግን ያደርጉታል፤ እኔም እዚያው ካውያው ላይ ስለሞከርኩት። ከማዳም ጋር የሚያጣላ ነገር ደግሞ አልመክርም። ደመወዝ የተከለከለች ልጅ ስትመጣ ትንፋሽ አልልክላትም፤ ኤምባሲው ጋ ወይም የሚረዳት ሰው ጋ እንድትደርስ ነው የምሯሯጠው።

የሌሊት_ተረኛ · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

ጅዳ ያለሽው እህቴ፣ ከዚህ ክር ሁሉ የአንቺን ወድጄዋለሁ። የመጨረሻዋን ነጥብ ይዤ ልቀጥል፤ ጥሞና_ቤት እንዳትቀየሚኝ።

እስካሁን ሁላችንም ስለ ረዳትሽ ነው ያወራነው። ልጅቷ ለምን እንደማትቀመጥ የጠየቃት አለ? ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትገባው? ማታ በስንት ታክሲ ነው ቤቷ የምትደርሰው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መዛልን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ሲያስገባው በሽታ ነው አላለም። ከሥራ ቦታ የሚመጣ፣ በአግባቡ ያልተያዘ የጭንቀት ውጤት ነው አለ። እኛ ነርሶች ይህን እናውቀዋለን። ሁለት ፈረቃ አሠርተውን ሲያበቁ "ራስን መንከባከብ" የሚል ሥልጠና ያመጡልናል፣ እሱም በእረፍት ቀናችን።

ምሳሌ የምትሆነው ማናት? ረዳቷ ለተማሪው ከመሆኗ በፊት አሠሪዋ ለረዳቷ ናት። ልምምዱ የሥራው አካል ከሆነ በሥራ ሰዓት ይሁን፣ ይከፈልበት። አንቺም አብረሽ ተቀመጪ። ቤቷ ሄዳ በራሷ ጊዜ ተለማምዳ ትምጣ ከሆነ ግን የቤት ሥራ ነው የሰጠሻት።

መንገደኛ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ይህቺን ተቀበልኳት። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። "ይለማመዳል" የሚባለው ምን ያህል የሚቀመጥ ሰው ነው? በቀን 45 ደቂቃ ማን አለው? እኔ 45 ደቂቃ ካገኘሁ የምተኛበት ነው።

ሜሪላንድ_ነርስ · ረቡዕ፣ ቀን 9፡30

45ቱ የኮርሱ ነው። ለጀማሪ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ወንበር ላይ፣ እግር መሬት ረግጦ። በየቀኑ የሚደረግ አንድ ነገር ላይ ማንጠልጠል ይረዳል፤ ከጸሎት በኋላ፣ ወይም ሥራ ቦታ ደርሶ ቦርሳ ከማስቀመጥ ጋር። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ 96 ሰዎችን ተከታትላ፣ አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አግኝታለች። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ያን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ አንድ ቀን ዘለልኩ ብሎ ሁሉን መተው የለም።

እና "የሚለማመድ" ማለት የማይዘል ማለት አይደለም። ዘሎ የሚመለስ ማለት ነው። ተማሪዎችም መስማት የሚፈልጉት እሱን ይመስለኛል።

ጥሞና_ቤት · ዓርብ፣ ማታ 2፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሌሊት_ተረኛ፣ አልተቀየምኩም። ትናንት ከልጅቷ ጋር ሻይ ቡና አልንና ጠየቅኳት። "ዝም ብዬ ስቀመጥ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እንቅልፉን ስታገል ደግሞ እናደዳለሁ" አለችኝ። ለካ ጠዋት እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቦታ ሁለት ክፍል ታስተምራለች። አልነገረችኝም፤ እንዳልከፋ ብላ ነው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ከማታው ክፍል በፊት ያለው 20 ደቂቃ የልምምድ ሰዓት ሆነ። ደመወዙ ውስጥ ይቆጠራል። በሩ ይዘጋል፣ አብረን ነን። ይህ ለስምንት ሳምንት ይቀጥላል። እስከዚያ ሜዲቴሽኑን እኔ እመራለሁ፣ እሷ ከተማሪዎቹ ጋር ትሆናለች። ከዚያ በኋላ መምራት ትፈልግ አትፈልግ የምትወስነው እሷ ናት። ተማሪ ከጠየቃት "እየጀመርኩ ነው" ትላለች፣ እውነቱም እሱ ስለሆነ።

አንድ ነገር ግን እሷ ጠየቀች። መቀመጡ ስለሚያስተኛት በእግር የሚሠራውን እንሞክር አለች። እኔ ያን ያህል አልሠራሁበትም። ያለን ኮሪደር ደግሞ ጠባብ ነው፣ ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ይሆናል?

ሜሪላንድ_ነርስ · ዓርብ፣ ማታ 4፡40

ዐሥር እርምጃ በደንብ ይበቃል፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። የትም የማይደርስ መንገድ ነው የሚፈለገው። ጫማ አውልቁ። ዓይን ይገለጥ፣ ሁለት ሜትር ያህል ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ይረፍ። ከተለመደው ትንሽ ዝግ በሉ፤ በጣም ከዘገየ ሰው ሚዛኑን ይስታል፣ ይስቃልም። ተረከዙ ሲነካ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ፣ ጣቶቹ ሲለቁ፣ እሱን ብቻ ተከታተሉ። ግድግዳው ጋ ስትደርሱ ቁሙ፣ አንድ ትንፋሽ፣ ዙሩ። ሐሳብ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ስትዞሩ ነው። ሁለታችሁ ጎን ለጎን ካልበቃችሁ በየተራ፣ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ቆማ እግሯን ታዳምጥ። እንቅልፍ የሚይዛት ከሆነ ከመቀመጡ በፊት ይህን አስቀድሙት።

መንገደኛ · ዓርብ፣ ማታ 4፡52

20 ደቂቃ ኮሪደር ለመሄድ ደመወዝ ይከፈላል ነው የምትሉኝ? እህቴ፣ ሌላ ረዳት አትፈልጊም?

ጥሞና_ቤት · ዓርብ፣ ማታ 5፡01

ሰኞ 11 ሰዓት ና። ክፍያ የለም፣ ካልሲህ ግን ንጹሕ ይሁን።